አባቴም ይይዙ ነበር

አገር በሠራዊት፣ ታሪክ በመጽሐፍ ይጠበቃል የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ታሪክ የሚጠበቀው በስቴሽን ዋገን ነው። ይህን ታላቅ እውነት ያገኙት አቶ ኅሩይ ሀብተወልድ ሲሆኑ፣ ያገኙትም ጡረታ በወጡ ማግሥት፣ ጄኔቭ ላንሲ ሳሎናቸው ውስጥ ጋቢ ተከናንበው ኢንተርኔት ሲያገላብጡ ነው። አቶ ኅሩይ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የዓለምን ችግር ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ሲያዘዋውሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ በዚህም ችግሩ እንዳይጠፋ የበኩላቸውን አስተዋጽኦ ያበረከቱ ሰው ናቸው።

ያዩዋት መኪና በፈረንጅ 1967 አሜሪካ የተሠራች፣ ጎንና ጎኗ እንጨት የለበሰ፣ ርዝመቷ ስድስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበረች። የፋብሪካዋን ስም ማስታወቂያ እንዳይሆንብን እንተወዋለን። የመጨረሻው ወንበሯ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚሄድበትን ሳይሆን የመጣበትን እያየ ይጓዛል። ለስደተኛ ከዚህ የተሻለ ወንበር እስከ ዛሬ አልተሠራም።

"ስንት ሰው ትይዛለች?" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ የወይንሐረግ።

"ዘጠኝ።"

"እኛ ስንት ነን?"

"ሁለት።"

"ሰባቱን ከየት ልታመጣ ነው?"

አቶ ኅሩይ «ግዛ» የሚለውን ተጫኑ። ራእይ ያለው ሰው በሒሳብ አይያዝም።

መኪናዋ ላንሲ ስትደርስ ግማሿ ማቆሚያው ውስጥ ገባ፤ ግማሿ ደጅ አደረ። ጎረቤቶች በአገሩ ወግ መሠረት ምንም ሳይናገሩ በጥሞና ተመለከቷት። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጥቶ እሱም በጥሞና ተመለከታት። ስለዚህ በጭነት መኪና ተሳፍራ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን፣ ወደ ሙሳ ጋራዥ ተላከች። ሙሳ በመጋዘኖቹ መካከል ግማሽ ጋራዥ ያለው፣ ሌላውን ግማሽ ለጎማ ነጋዴ ያከራየ፣ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ጎልማሳ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ነክቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ይህን ተናግሮ ሽማግሌ ማሳፈር አልፈለገም።

"ይቻላል ጋሽ ኅሩይ፤ የማይቻል ነገር የለም" አለና ሞተሩን ፈታው። መግጠሙ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ኅሩይ ሐሙስ ሐሙስ መኪናቸውን ለመጠየቅ ከጄኔቭ ዙሪክ በባቡር ይመላለሱ ጀመር። ባቡሩ አንድም ቀን አልዘገየም፤ መኪናዋም አንድም ቀን አልተነሣችም።

የዚህ ሁሉ መሠረቱ አንዲት ቃል ናት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጄኔቭ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ አቶ ኅሩይ የመኪናዋን ፎቶግራፍ ለምእመናን ሲያሳዩ፣ "አባቴም እንዲህ ያለች ይይዙ ነበር" አሉ። አማርኛ ለጨዋ ሰው የተመቸ ቋንቋ ነው። መኪና ያለውም ሰው መኪና ይይዛል፤ መኪና የሚነዳም ሰው መኪና ይይዛል። የአቶ ኅሩይ አባት አቶ ሀብተወልድ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእርግጥ ይይዙ ነበር፤ መሪውን። ጌቶቹ ከኋላ ይቀመጡ ነበር። እንግዲህ አቶ ኅሩይ የዋሹት ነገር የለም።

"ያን ጊዜ ያቺን የሚይዝ እኮ ደጃዝማች ብቻ ነበር" አሉ አቶ ታዲዮስ፣ የሰበካ ጉባኤው አንጋፋ አባል።

አቶ ኅሩይ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። ሰውን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው። በሳምንቱ ቅዳሴውን የደጃዝማች ልጅ ሆነው አስቀደሱ፤ ቦታም ከፊት ተለቀቀላቸው።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ማንንም ባልጎዳ። ግን ዙሪክ ዜባህ የምትኖረው ልጃቸው ሶሊያና ታጨች። እጮኛዋ ቢኒያም ዙሪክ ተወልዶ ያደገ፣ ምግባረ ሠናይ፣ አማርኛው ግን ጥርስ ያላወጣ ወጣት ነው። ላንሲ ምሳ በልቶ ሲያበቃ የቤተሰቡን መልእክት አደረሰ።

"ግሮሲ ከአዲስ አበባ ትመጣለች ለሠርግ። እሷ ሁልጊዜ ትጠይቃለች፣ የማን ልጅ፣ የማን ልጅ። ካልወደደች፣ ካይን ምርቃት፤ ምርቃት የለም።"

"ካልመረቁንስ?" አሉ ወይዘሮ የወይንሐረግ።

"እናቴ ያለ ግሮሲ ምርቃት ሠርግ አትመጣም" አለ ቢኒያም። ሶሊያና ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። አቶ ኅሩይ የልጃቸውን ፊት አይተው ሹካቸውን አስቀመጡ።

በዙሪክ ጀርመንኛ ግሮሲ ማለት አያት ነው። አቶ ኅሩይ ግን የጄኔቭ ሰው ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ግሮስ ማለት ወፍራም ሴት መሆኗን ያውቃሉ። ወጣቱ የአሮጊቷን ውፍረት እንዲህ በግልጽ ማንሣቱ ቅር ቢላቸውም እውነተኛነቱን አደነቁ። የሴትየዋን ስም ለመጠየቅ ግን አልደፈሩም፤ የሰው ዘር የጠየቀ የራሱን ይጠየቃልና። ያን ማታ ለሙሳ ደወሉ።

"የኋላው ባሌስትራ ይጠናከር።"

"ስንት ኪሎ ሊሸከም ነው ጋሽ ኅሩይ?"

"የጨዋ ሰው ኪሎ አይጠየቅም። ብቻ አጠናክረው።"

እቅዳቸው የዲፕሎማት እቅድ ነበር። አሮጊቷን ከአውሮፕላን ማረፊያው በስቴሽን ዋገኗ ይቀበላሉ። ሙሳ ይነዳል፤ እሳቸው ከኋላ ከእንግዳዋ ጎን ይቀመጣሉ። ከኋላ የተቀመጠን ሰው የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወንበሩ ይመሰክርለታል።

ለዚህ ክብር የሚመጥን እንጨት ያስፈልግ ነበር፤ የመኪናዋ ጎን ተላልጦ አልቋልና። አቶ ኅሩይ የፈረንጅ እንጨት ናቁ። ዋንዛ ታዘዘ፤ ከአዲስ አበባ። በዚያ ዓመት ወደ ጄኔቭ የመጣ ዘመድ ሁሉ በርበሬና ሽሮውን ትቶ ጣውላ ተሸክሞ መጣ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ወጡን በስዊዝ ፓፕሪካ እየሠሩ ስለ ቅርስ ጥበቃ ያላቸውን አስተያየት ለራሳቸው ያዙ። ሙሳ ዋንዛውን ገጠመ፤ ቀለሙ ማር የመሰለ፣ እውነትም የሚያምር ሥራ ሆነ። ሞተሩም በአንድ ተአምር ተነሣ። መኪናዋ ለመንግሥት ምርመራ ቀረበች።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። ዙሪያዋን ዞረና ጎኗን በጣቱ አንኳኳ።

"ይህ እውነተኛ እንጨት ነው?"

"እውነተኛ ዋንዛ" አሉ አቶ ኅሩይ ደረታቸውን ነፍተው።

"እንግዲያው ወድቃለች።"

ሙሳ የሰማው ጀርመንኛ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ትክክል ነበር። ፋብሪካው ሲሠራት እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ ነው የለጠፈባት። በአሮጌ መኪናነት እንድትመዘገብ ከተፈለገ ያው ፕላስቲክ መመለስ አለበት።

"ይህኛው እኮ ከዋናው ይበልጣል" አሉ አቶ ኅሩይ።

"ይበልጣል" አለ መርማሪው በአክብሮት። "ግን ዋናው አይደለም።"

ስዊዘርላንድ የሥርዓት አገር ናት። ማስመሰል ይፈቀዳል፤ ማስመሰያው ግን ኦሪጅናል መሆን አለበት። አቶ ኅሩይ እውነተኛውን የውሸት እንጨት ከአሜሪካ አስመጥተው አስለጠፉ። ዋንዛው ላንሲ ተመልሶ የጫማ መደርደሪያ ሆነ። መኪናዋም አለፈች፤ ካርት ግሪዟ፣ ማለትም ሊብሬዋ ላይ፣ ለአሮጌ መኪና የሚሰጠው "ቬቴራን" የሚል ማዕረግ ተጻፈ። እሱን ደግሞ አቶ ታዲዮስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ "የስዊዝ መንግሥት እንኳ አርበኝነታቸውን ዐውቆላቸዋል" ብለው ለምእመናን አበሠሩ። አቶ ኅሩይ አሁንም አንገታቸውን ደፋ አደረጉ።

እንግዳዋ በሚገቡበት ጠዋት ሙሳ ደወለ።

"ጋሽ ኅሩይ፣ መንጃ ፈቃዴን ወሰዱት። ለፍጥነት።"

"በምን መኪና ነው የፈጠንከው?"

"በእርስዎ። አላልኩዎትም? አሁን ትሮጣለች።"

ሌላ የሚነዳት አልነበረም። ማርሿ መሪው ሥር ነው፤ ሶሊያናና ቢኒያም እንዲህ ያለ ነገር ያዩት በሙዚየም ነው። አቶ ኅሩይ አሮጌ መኪና የሚወዱ ፈረንጆች የሚያደርጉትን ጠፍጣፋ ቆብና የቆዳ ጓንት አስቀድመው ገዝተው ነበር። አደረጓቸው። ወይዘሮ የወይንሐረግ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

"እንዲህ ሆነህ ማንን እንደምትመስል ታውቃለህ?"

"ማንን?"

"ተወው።"

የአውሮፕላን ማረፊያው በር ተከፈተና ግሮሲ ወጡ። ከሻንጣቸው የማይከብዱ፣ ቅጥነታቸው የሚያሳሳ አሮጊት ነበሩ። ባሌስትራዋ የተጠናከረላት መኪና ቂጧን ሰቅላ ስለቆመች ደግፈው አሳፈሯቸው። ከጎናቸው ወይዘሮ የወይንሐረግ ተቀመጡ። ሶሊያናና ቢኒያም በመጨረሻው ወንበር ወደ ኋላ ዞረው የሚከተላቸውን ትራም ያዩ ጀመር። ከፊት፣ ከአቶ ኅሩይ ጎን፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸተው ሻንጣ ተሰየመ። አቶ ኅሩይ ቆባቸውን አስተካክለው መሪውን ያዙ።

እንግዳዋ መንገዱን ትተው ከፊታቸው ያለውን ማጅራት ያዩ ጀመር። ዜባህ ሲቃረቡ አንድ ኩርባ ላይ መኪናዋ ቀስ ብላ ታጠፈች።

"ልጄ" አሉ። "ኩርባ ላይ ፍሬን አትረግጥም። በማርሽ ታበርዳለህ።"

"አዎ እሜቴ።"

"ማን አስተማረህ?"

"አባቴ።"

"የማን ልጅ ነህ?"

ያቺ የፈሯት ጥያቄ መጣች። አቶ ኅሩይ "ይይዙ ነበር" የምትለዋን ቃል ከምላሳቸው ሥር ፈለጓት፤ ከጥያቄው ጋር አልገጠመችም።

"የሀብተወልድ" አሉ ድምፃቸው እየቀጠነ።

"ከማጅራትህ ነው ያወቅሁህ" አሉ አሮጊቷ። "የአባትህን ማጅራት ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ወርቅውሃ ነኝ፤ አባትህ ይነዳላቸው የነበሩት የደጃዝማች ምራት። አንተ ያ በመጨረሻው ወንበር ጀርባህን ሰጥተኸን ትምህርት ቤት ትሄድ የነበርከው ልጅ ነህ።"

አቶ ኅሩይ ምድር ተከፍታ ስቴሽን ዋገኗን ጨምራ እንድትውጣቸው ተመኙ። ምድሪቱ የስዊዝ ነችና ያለ ፈቃድ አልተከፈተችም።

"ግሮሲ!" አለ ቢኒያም አንገቱን አዙሮ። "እንደዚህ መኪና የኛ ነበረ?"

"የኛ?" አሉ እሜቴ ወርቅውሃ። "የመሥሪያ ቤት ነበረች እንጂ። ይዘናት ነበር፣ የኛ አልነበረችም። አማቴ ከሹመት የወረዱ ለት ቁልፉን ወስዶ ያስረከበው ሀብተወልድ ነው፤ ከኛ ቤት አፍሮ ያላለቀሰ እሱ ብቻ ነበር።" እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ጎኗን ዳሰሱ። "ይህም እንጨት አይደለም፤ ላስቲክ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ይላጥ ነበር። አባትህ እሑድ እሑድ በሙጫ ሲለጥፈው ይውላል፣ እኛ እንዳናፍር።"

አቶ ኅሩይ ወደ መንገዱ ዳር ወጥተው ቆሙና አለቀሱ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ስማቸውን እንዲህ በፍቅር የጠራ ሰው አልሰሙም ነበር፤ እሳቸው ራሳቸውም አልጠሩትም። ይህን ሲያስቡ የባሰ አለቀሱ።

"ምን ያስለቅስሃል?" አሉ አሮጊቷ። "የሀብተወልድ የልጅ ልጅ ከሆነች ምኑን አጣራለሁ? መርቄያታለሁ። በል ንዳ፣ ጸሐይዋ በረታች።"

ሠርጉ አለፈ። አቶ ኅሩይ ሌላ ሰው ሆኑ። በሚቀጥለው እሑድ መኪናዋን ራሳቸው እየነዱ ጄኔቭ ገቡና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አቆሟት። ምእመናን ከበቧቸው። አቶ ኅሩይ ቆባቸውን አወለቁ።

"ወገኖቼ፣ ላርመው የሚገባኝ ነገር አለ። አባቴ ሹፌር ነበሩ።"

አቶ ታዲዮስ በረጅሙ ተነፈሱ።

"አያችሁ? እውነተኛ ጨዋ እንዲህ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።"

"ዝቅ አላደረግሁም። የሰው መኪና ነበር የሚነዱት።"

"ልክ ነው፣ ልክ ነው። ሁላችን የያዝነው የሰው ነው። ሁሉ የእግዚአብሔር ነው።"

አንዲት ሴት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አቶ ኅሩይ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ሰው ሁሉ በአክብሮት አንገቱን ደፋ አድርጓል። ደማቸው ፈላ፤ ኮፈኗን በጥፊ መቱት።

"ሹፌር ነበሩ አልኳችሁ። ደመወዝተኛ ሹፌር።"

አቶ ታዲዮስ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቁጣውን አየኸው? የደጃዝማች ነው።"