የመሪጌታ ሁለተኛ ዓይን

ትልቅ ሥዕል መሣል የሰነፍ ሥራ ነው! አዎ፣ ብያለሁ። ግድግዳ የሚያክል ሸራ ወጥሮ፣ ቀለሙን በባልዲ እየደፋ «ሰዓሊ ነኝ» የሚል ሁሉ ይምጣና አንድ ሽማግሌ ከነጥምጣሙ፣ ከነጢሙ፣ ከነመቋሚያው አውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ይሣልልኝ። ያኔ ሰዓሊነቱን አምንለታለሁ።

ዝም ብዬ የምለፈልፍ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ስሰንፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚሁ ጎንደር የሱቅ ታፔላ እሥል ነበር። ፀጉር ቤት በር ላይ ግማሽ ራሱ የተላጨ፣ ግማሹ የጎፈረ ጎረምሳ አይታችሁ ከሆነ የእኔ እጅ ነው። ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ቢላዋ ተደግኖበት የሚስቀው በሬም የእኔ ነው። ምን እንደሚያስቀው አትጠይቁኝ፤ ባለቤቱ «ፊቱ ፈካ ይበል» ስላለኝ ነው። ኋላ ባነር የሚያትም ማሽን መጣላችኋ! ሰውየው ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ በሬ አሳትሞ ሰቀለና የእኔን ሣቂታ በኖራ አስለቀለቀው። አንጀቴ አረረ… ግን ምን አባቴ ላድርግ?

እንዲህ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ነው እጮኛዬ ማህሌት የደረሰችልኝ። ወይም የደረሰችብኝ። ማህሌት ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናት፤ ጌም ትሠራለች። የዛሬውን ሰው ከሰው የማይለይበትን ጌም አይደለም፤ የድሮውን ነው። ያ ካሴቱን በትንፋሻችን እፍ እያልን፣ አውራ ጣታችን እስኪላጥ የተጫወትነው፣ አንድ ድንክዬ ሰውዬ ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ ጉድጓድ የሚዘልበት። አሁን እንደገና ፋሽን ሆኗል አሉ።

«ኮዱን እኔ እጽፋለሁ፣ ሥዕሉን አንተ ትሠራለህ» አለችኝ።

«በሬ አለበት?»

«መሪጌታ ነው ያለበት።»

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንድ መሪጌታ ከማክሰኝት ተነሥተው ማኅሌቱ ሳይጀመር ጎንደር መድረስ አለባቸው። በመንገድ ላይ የእህል ጆንያ ይዘላሉ፣ ባጃጅ ይዘላሉ፣ የገበያ በግ ይዘላሉ። ጠላታቸው የእንቅልፍ ሰይጣን ነው። ከላይ እየበረረ ይመጣና ያስዛጋቸዋል፤ ደጋግመው ካዛጉ ጨዋታው አለቀ። የምትገርም ልጅ እኮ ናት! ጭንቅላቷን የምጠራጠረው እኔን በመምረጧ ብቻ ነው።

እናም መማር ጀመርኩ። ፒክስል የሚሏት ነገር አለች፤ ስክሪን ላይ ያለች ሚጢጢ ካሬ። የድሮ ጌም ሰውዬ የሚሠራው ከእነዚህ ካሬዎች ነው፤ ወደ ላይ አሥራ ስድስት፣ ወደ ጎን አሥራ ስድስት፣ በቃ። መሪጌታን ከነክብራቸው እዚያ ውስጥ ክተታቸዋ! ጥምጣሙን ስሠራ ግማሹ ቦታ አለቀ። ጢሙን ስጨምር ደረት ጠፋ። አፍንጫ ባደርግላቸው ዝሆን ሆኑ፤ ባነሣው ድመት ሆኑ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ ለፍቼ ለማህሌት አሳየኋት።

«ይሄ ነጭ ሽንኩርት ምንድን ነው?» አለች።

ዋጥ አድርጌ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ደግሞ አካሄዱ አለላችሁ! አንድ እግር ብቻ ብታንቀሳቅሱ ያነክሳል፤ ሁለቱንም ብታንቀሳቅሱ ይጨፍራል። የእውነት መሪጌታ ሲራመድ ማየት ነበረብኝ። ከማህሌት አባት ከመሪጌታ ጥበቡ የተሻለ ማን ይገኛል? እኔ አውቃቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን አያውቁኝም። ቀሐ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ እግራቸውን በስልኬ መቅረጽ ያዝኩ። ጎንበስ ብለው፣ መቋሚያቸውን አስቀድመው እየላኩ ነው የሚሄዱት፤ ለጌም የተፈጠረ አካሄድ! አንድ ቀን ዞር ብለው ገላመጡኝ። ጫማ የምጠርግ መሰልኩ… ያደረግኩት ግን ነጠላ ጫማ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሽምግልናው ቀን ደረሰ። መሪጌታ ልጃቸውን «ለመሆኑ ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠይቀዋታል። እሷም «ሰዓሊ ነው» ብላ መልሳለች። ፊታቸው ፀሐይ ሆነ አለችኝ። አባታቸው እኮ ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ነበሩ! «ሰዓሊ ከሆነማ ወግ ቢጣስም ይጣስ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር እሱም ሥራውን ይዞ ይምጣ። ሥራውን አይቼ ነው ልጄን የምሰጠው» ብለው ቆረጡ።

«የምን ሰዓሊ እንደሆንኩ ለምን አልነገርሻቸውም?» ጮህኩ።

«ሰዓሊ አይደለህም እንዴ? ምን ዋሸሁ?»

ግቡና ከሴት ጋር ተከራከሩ! ብቻ ሐሳብም አላጣች። የጌሙን መሪጌታ ቁርጥ አባቷን እንዳስመስለው መከረችኝ፤ ሰው ራሱን ሥዕል ላይ ሲያይ ልቡ ይራራል አለች። እኔም ጢሙን ሽበት አለበስኩት፣ ወገቡን ጎበጥ አደረግኩት፣ መቋሚያውን አስቀደምኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቁጭ እሳቸውን! ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቼን ይዤ ገባሁ። አለቃቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ናቸው፤ ከትክል ድንጋይ ለዚሁ ጉዳይ የመጡ። ሌሎቹ ሁለቱ ከጠላው በቀር ያዩት ነገር ስላልነበረ እዚህ ውስጥ አላስገባቸውም። መሪጌታ ጥበቡ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ጠረጴዛውን አስጠርገው ይጠብቁናል። ገና ሲያዩኝ ቅንድባቸው ተነሣ።

«አንተ! እግሬን ስታይ የምትውለው ልጅ አይደለህም?»

«አዎ… ለሥራዬ ነው መሪጌታ» አልኩ፣ ላቤ እየወረደ።

«ለሥራው!» ብለው ወደ አያ ደሴ ዞሩ። የሰውን አካሄድ አጥንቶ የሚሥል ሰው ስላዩ ደስ አላቸው። «እስቲ ዘርጋው።»

የምዘረጋው ነገር የለኝማ! ላፕቶፑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈትኩ። መሪጌታ ከላፕቶፑ ኋላ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሸራ ካለ ብለው ፈለጉ። ቀስ ብዬ ስክሪኑን አሳየኋቸው።

«ይህቺ ናት?»

«ትንሽ ናት፤ ግን እርስዎ ነዎት።»

አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ። ከዚያ ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ አየሁ። «ጥምጣሙ የእኔ ነው። መቋሚያውም… እይ፣ እይ፣ ይሄዳል እኮ! ጉልበቴን እንዴት አወቀው?» በሩ ላይ የቆመችው ማህሌት ጠቀሰችኝ። ልቤ ሠርጌን ደግሶ ጨረሰ።

አያ ደሴ ደግሞ ሳይጋበዙ አንገታቸውን አስገቡ። «ሸጋ ነው! ሸጋ ነው! ምነው ግን አንደኛውን ዓይናቸውን ምን ነካው?»

መሪጌታ ከስክሪኑ ቀና አሉ።

አሁን እናንተ ልብ በሉ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ሰው ጎኑ ነው የሚታየው፤ ከጎን ደግሞ የሚታየው አንድ ዓይን ነው። የዓለም ጌም ሁሉ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ግን ጻድቅ ምንጊዜም በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን የሚሰጠው ሰይጣን ነው፤ ሰይጣንና ጭፍሮቹ። ይህን ሳያውቅ ያደገ የጎንደር ልጅ የለም። እኔም አውቃለሁ! እያወቅኩ የቀሐውን መሪጌታ፣ የማህሌትን አባት፣ ከነመቋሚያቸው ከሰይጣን ወገን ደመርኳቸው።

«ምንተ ገበርኩ?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። ምን አደረግኩ ማለታቸው ነው። በአማርኛ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አፌን ከፍቼ ላስረዳ ስል የእንቅልፍ ሰይጣኑ ከላይ ብቅ አለ። እሱ የሚበረው ክንፉን ዘርግቶ ወደ እኛ ፊቱን አዙሮ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይን አለው። እንዴት ያሉ ዓይኖች መሰሏችሁ! ጊዜ ወስጄ፣ ቆንጆ አድርጌ፣ ኩልም ጨምሬ የሠራኋቸው…

«ለሰይጣኑ ሁለት!» መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ። «ለእኔ አንድ!»

በዚሁ መሐል ላፕቶፑን የነካው ሰው ስላልነበረ የስክሪኑ መሪጌታ አዛጉ፣ ደገሙ፣ በጀርባቸው ተዘረሩ።

«ሞቱ እንዴ?» አሉ አያ ደሴ።

እኔ ያን ጊዜ ብሞት ደስ ይለኝ ነበር።

«አባቴ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ጻድቅ በጎኑ አልሣለም። ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው አልሰጥም!»

ማህሌት ከበሩ ዘላ ገባች። «አባዬ፣ ወደ ጎን እየሮጡ ስለሆነ እኮ ነው!»

«ፈረሰኛው ሰማዕትስ? ፈረሱ ወደ ጎን ሲጋልብ እሱ ወዴት ነው የሚያየው? ወደ እኛ አይደለም?»

እውነታቸውን ነው። «አሁኑኑ አስተካክላለሁ!» ብዬ ወንበሩ ላይ ተደፋሁ። አራት ሽማግሌ በትከሻዬ ላይ እየተነፈሰ ሥዕል ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ የጫንኳት ነጥብ ጢም ላይ አረፈች። «ኧረ ወደ ላይ! ወደ ላይ!» አሉ አያ ደሴ፣ በሬ ከማጥ የሚያወጡ ይመስል። እንደምንም ፊታቸውን አዞርኩ፣ ሁለተኛዋን ዓይን አስቀመጥኩ። ሰይጣኑን ደግሞ በጎኑ ገልብጬ አንዷን ዓይኑን አጠፋሁበት፤ ከነኩሏ።

ጨዋታው እንደገና ጀመረ። መሪጌታ እግራቸው ወደ ጎንደር፣ ፊታቸው ወደ እኛ ሆኖ ይሮጣሉ። ሰው ከኋላ ጠርቷቸው ላለመቆም የሚሸሹ ነው የሚመስሉት። ፊት ለፊት ስለማያዩ የመጀመሪያው በግ ጠለፋቸው። ማህሌት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አባቷ ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ነው ሰው ማለት! በግ ይጣለኝ፤ ግድ የለም።»

ነፍሴ ተመለሰች። አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ የመሪጌታ ጣት ስክሪኑ ላይ አረፈ።

«ይህ መንገድ ዳር ውኃ ይዞ የቆመውስ ማነው?»

ለመወደድ ብዬ ያደረግኳት ነገር ናት። መሪጌታ ሲደክማቸው ውኃ የሚያቀብል አንድ ትሑት ወጣት ጨምሬ ነበር። በጎኑ ቆሟል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቆይ፣ አሁን እሱንም አስተካ…»

እጄን ያዙኝ።

«ተወው። እንዳለ ይቆይ።»

«እንዴ፣ መሪጌታ?»

«ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ሥራህን አይቻለሁ፣ ቅን ነህ። ዓይኑን ግን ገና አልሰጠሁም። አኗኗራችሁን ልየው።» አያ ደሴ «ልክ ነው!» አሉ፤ ለማን እንደሸመገሉ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ተጋባን። ጌሙም ወጣ፤ የከተማው ልጆች ይጫወቱታል፤ «ያ ውኃ የሚያቀብለው አንድ ዓይና ማነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ማህሌት አንዷን ካሬ ለመሙላት የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ አይፈጅባትም፤ ግን የአባቷን ቃል አትሽርም። እኔም ያቺን ዓይን ላገኛት እለፋለሁ። ባለፈው እሑድ አማቴ ለምሳ ሲመጡ ሽሮውን እኔ ሠራሁ፣ እጃቸውን አስታጠብኩ፣ ሳህኑን አጠብኩ፣ በረዶ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ እስከ ቤታቸው ልሸኛቸው ተነሣሁ። በሩ ላይ ቆም ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ሆዳቸው እንደራራ ታወቀኝ።

«ማህሌት ልጄ» አሉ። «ግማሽ ዓይን ጨምሪለት።»

ማህሌት ተጨነቀች። «አባዬ… ፒክስል እኮ አይገመስም።»

መሪጌታ ጃንጥላውን ከእጄ ተቀብለው ዘረጉ።

«እንግዲያማ ይጠብቃላ!»