የመጋረጃው ጨርቅ

የሰው ሆድ አይተው የምሥራች ሳያውጁ የማያድሩ ሰዎች አጋጥመውዎት ያውቃሉ? እኔ አንዷን መርካቶ አግኝቻቸዋለሁ፤ ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም።

ባለቤቴ የመጀመሪያው ጽንስ ስለወረደባት፣ ሁለተኛው እስኪጠና ድረስ ለማንም ላለመናገር ወስና ነበር። የእርግዝና ቀሚሷን ራሷ ልትሰፋ የተነሳችውም ልብስ ሰፊው ወገቧን ለክቶ ወሬ እንዳያደርገው ብላ ነው። አብረን መርካቶ ሄደን የመረጠችው ጨርቅ ሰማያዊ ነበር ወይስ አረንጓዴ? ትዝታዬን አላምነውም፤ ቁጣዬን ግን አምነዋለሁ።

«ለምን ፈለግሽው የኔ ልጅ?» አሉ ጨርቅ ሻጯ።

«ለመጋረጃ ነው፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ሆዷን በዓይናቸው ለኩት። ለመሆኑ መጋረጃ የሚለካው ከመስኮት ነው ወይስ ከሆድ? ወዲያው ከጭድ ተራ እስከ ራጉኤል የሚሰማ በመሰለኝ ድምፅ ወደ ጎረቤት ሱቆች ተጣሩ፦ «ኧረ እልል በሉ! ይቺ ልጅ አርግዛለች! አባወራው፣ እንኳን ደስ ያለህ!»

እዚያው መርካቶ በርበሬ በረንዳ የምትነግደው የባለቤቴ አክስት ወሬው ደርሷት እቤት ሳንደርስ ደወለች። «በፊትም ዕቃ አንስተሽ ነው ያስወረደሽ፤ አሁንስ ትሰሚኛለሽ?» አለቻት። ባለቤቴ ስልኩን ዘጋችና እቤት እንደገባን የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች።

ሆዷ በደንብ ከገፋ በኋላ፣ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ወደዚያው ሱቅ ወሰደችኝ።

«አላልኩም? አርግዘሻል አላልኩም?» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ።

«እኔም መጋረጃ ነው ብዬዎት ነበር፣ እትዬ» አለች ባለቤቴ። «እርስዎ ቤት መጋረጃ ሲዘጋ ገልጦ የሚያይ ሰው ምን ይባላል?»