ናፍጣው ቁልቁል፣ እኛ ስብሰባ

ፈሳሽ ነገር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ተራ አይጠብቅም። እኛ ደግሞ በደርግ ጊዜ ተራ የማንጠብቅለት ነገር አልነበረንም። ለስኳር ተራ፣ ለሳሙና ተራ፣ ለመናገርም እጅ አውጥቶ ተራ። የማታስታውሱ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከኮተቤ መንገድ ወደ የካ ዳገት በሚያስወጣው ኩርባ ላይ፣ ናፍጣ የጫነ ቦቴ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ። ናፍጣው ግን የመንገዱን ዳር ቦይ ይዞ ቁልቁል ወረደ። ከቦዩ ግርጌ ሰፈሩ የሚጠጣው ምንጭ አለ። አካፋ የያዙ ዐሥር ሰዎች አፈር ቢደፉበት ይቆም ነበር።

ዐሥር ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ እኔም ለጋዜጣዬ ስብሰባውን ልዘግብ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ሳይጠራ የወጣ እንደ ቀሪ ይቆጠራል፣ የቀረ ደግሞ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል።

አንድ የአብዮት ጥበቃ ገብቶ በሊቀመንበሩ ጆሮ አንሾካሾከ። ሊቀመንበሩም ወሬውን ነገሩንና ለውይይት አቀረቡት፤ አደጋው የአሻጥረኞች ሥራ ነው ወይስ አይደለም?

ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት እማማ ዘይነባ እጅ ሳያወጡ ተነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤቴ የሳምንት አራስ አለች። የምትጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። በሩን ያስከፍቱልን!»

«እናቴ፣ ይረጋጉ። መጀመሪያ አቋም እንያዝ።»

«እናንተ አቋም ያዙ፤ እኔ አካፋ ልያዝ!»

አዳራሹ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። በሩ አልተከፈተም። የወጣ ሰውም የለም። እኔም አልወጣሁም።

አሻጥረኞችን በጭብጨባ አውግዘን፣ ስማችን ተጠርቶ ስንወጣ፣ ምንጩ ላይ ናፍጣው እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ አካፋ ተከፋፈልን።

ያየሁትን ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ፣ «ይሄን ለማን ነው የጻፍከው?» አለኝ። በማግስቱ «ሰፊው ሕዝብ ባደረገው ርብርብ ፍሳሹ በቁጥጥር ሥር ዋለ፤ ምንጩም አልተበከለም» የሚል ዜና ወጣ። ከሥሩ ስሜ አለ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ምንጩ ሄድኩ። ቀበሌው የውሃ ቦቴ እንዲላክለት የበላይ መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ ኖሯል። መልስ መጥቶለታል፤ የእኔን ዜና ቆርጠው ልከውለታል።

እማማ ዘይነባ ከምንጩ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ጋዜጣው ላይ ያለው ስም ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ጠጣልኝ። አንተ ከጠጣህ ለአራሷም እሰጣታለሁ።»

ብርጭቆውን አየሁት። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። እጄን አልዘረጋሁም።

እማማ ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ ውሃውን እግሬ ሥር ደፉና ባዶ ጀሪካናቸውን አዝለው ሌላ ምንጭ ፍለጋ ዳገቱን ተያያዙት። በዚያ ሳምንት ካቀረብኩት ዘገባ ሁሉ፣ ማንም ሳያርመው አንባቢው ዘንድ የደረሰው ይኸው ያልዘረጋሁት እጄ ብቻ ነው።