የተበተነውን ሰማያዊ ደም እትዬ ጠብታ እንደ ሰበሰቡት

አሮጌው ማቀዝቀዣ ወድቆ አዲሱ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ የብልቃጦች እመቤት፣ የቱቦዎች ጠባቂ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ምላሳቸው ግን የማያርፍ እትዬ ጠብታ የፈጸሙት ገድል ይህ ነው።

እኚህ ሴት በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሃያ ሁለት ዓመት የገዙ ናቸው፤ ስማቸውም የወጣላቸው ግማሽ ጠብታ ብትጎድል «ወዴት ሄደች?» ብለው ቤቱን ስለሚያምሱ ነው። በዚያም ቀን ከእርሳቸው ጋር የተሰለፉት፣ በቀኝ ጠብታ የሚመጥጡ ሦስት ፒፔት፣ በግራ ቱቦ እያሽከረከረ እንደ አሮጌ አውቶቡስ የሚያጓራ ሴንትሪፊዩጅ፣ በኋላ ሰባ ሁለት ባዶ ብልቃጥ፣ በደጀንም ሠላሳ ዓመት ዕቃ ያጠቡት ጋሽ አረፋ ከነብሩሻቸው፤ በውሃ ገንዳውም ውስጥ ታላቁ ሸርጣን አባ መቀስ ነበሩ።

የአባ መቀስም ደም እንደ እኛ ቀይ አይደለም፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። ኦክስጅኑን የሚሸከመው ፕሮቲን በብረት ፈንታ መዳብ የታጠቀ፣ ስድስት ስድስት ሆኖ ተቃቅፎ የሚዘምት ጭፍራ ነውና። አቃቅፎ የሚይዘውም ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ከጠፋና ፈሳሹ እንደ ሳሙና ውሃ ከሆነ፣ ጭፍራው እንደ ፈረሰ ዕቁብ በየፊናው ይበተናል።

በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት የላቦራቶሪው አለቃ ዶክተሯ ስምንት ወር የጠበቀችው የታላቁ ማይክሮስኮፕ ተራ ደርሷት፣ ይህን ጭፍራ ፎቶ ልታነሳ ነበር። ተራው ካለፈ ሌላ ስምንት ወር ነው፤ አባ መቀስም ቅርፊቱን ሊቀይር ድንጋይ ሥር ስለ ተሸሸገ ዳግመኛ ደም አይቀዳም። ያለው አንድ ቱቦ ብቻ ነው።

እትዬ ጠብታም ከእርሱ ጥቂት ወስደው ትልልቁ ቀድሞ፣ ትንንሹ ኋላ በሚወጣበት መለያ ቢያሳልፉት፣ ቀድሞ የወጣ አንድም አልነበረም፤ በግራፉም ላይ ጭፍራው የወጣበትን ጊዜ የሚያሳየው ተራራ ከቦታው ታጥቶ ከመስመሩ ጫፍ ተገኘ፤ ጭፍራው ተበትኗል ማለት ነው። ደሙ ግን እንደ ወትሮው ሰማያዊ ነው። እየሳቁ መክዳት ማለት ይህ አይደለምን?

ወእምዝ ንዴታቸው ገንፍሎ፣ ከኮሪደሩ መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማው ንገር! ጋሽ አረፋ ብልቃጡን በደንብ አላለቀለቁትም! ሳሙናቸው ነው ጉድ የሠራን!»

ጋሽ አረፋም ብሩሻቸውን አስቀምጠው፣ ጓንታቸውን ጣት በጣት አውልቀው፣ ደረጃው ላይ ሄደው ተቀመጡ።

እትዬ ጠብታ ወደ መደርደሪያው ተመልሰው ለደሙ ማቅጠኛ የቀዱበትን ጠርሙስ ቢያነሡ ግን፣ ክዳናቸው አንድ የሆነ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ካልሲየም ያለበት፣ ሌላው ካልሲየምን እየለቀመ የሚያስር፣ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ። የጎደለው ሁለተኛው ነበር። ትናንት ትከሻና ጆሯቸው መካከል ስልክ ወትፈው ከእህታቸው ጋር እያወሩ ወደ ደሙ የቀዱት ራሳቸው ናቸው። ያየ ሰው የለም፤ ጠርሙሱን ገፋ አድርጎ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እጃቸውም ጥቂት ገፋ አድርጎት ነበር፤ ነገር ግን መልሰው ሳቡት።

ወጥተውም በዚያው ኮሪደር ሁለተኛ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማው ንገር! ቅድም ያልኩት ሐሰት ነው፤ ጠርሙስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጋሽዬ፣ አፈር ስሆን ይቅር ይበሉኝ። ማሰሮ የሚያክል ንጹሕ ብልቃጥ እፈልጋለሁ፣ ከእርስዎ በቀር የሚያጥብልኝም የለ።»

ጋሽ አረፋም ከደረጃው ሳይነሡ አወጁ፦ «ይቅር ብያለሁ! ሐሜትና ደም ግን ባንድ እጅ አይያዝም!» ይህንም ብለው ጓንታቸውን አጠለቁ።

ያን ጊዜ እትዬ ጠብታ ደሙን ጨው አሳልፎ ፕሮቲን በሚያስቀር ስስ ከረጢት አስረው፣ ካልሲየም በሞላበት ትልቅ ብልቃጥ ውስጥ ሰቀሉት፤ የፈሳሹንም ሳሙናነት በአሲድ ጠብታ በጠብታ እያበረዱ፣ ውሃውን በየሰዓቱ እየቀየሩ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ይህም ከገድሉ ሁሉ የከፋው ነበር፤ መዳፋቸው ካልነቀነቅሁት ይላቸዋልና። ጭፍራው ግን በዱላ አይሰበሰብም፤ እያንዳንዱ ቦታውን ራሱ ያውቃል። ምሳም አልበሉ። ጋሽ አረፋም አጠገባቸው ቆመው ንጹሕ የነበረውን ብልቃጥ ሁሉ እንደገና አጠቡ።

በስምንት ሰዓት ቢፈትኑት፣ ተራራው ወደ ቦታው ተመለሰ! ከስድስት እጅ አምስቱ ተቃቀፈ፤ የቀረው እንደ ወጣ ቀረ፤ አልተፈለገምም።

በዘጠኝ ሰዓት ከማይክሮስኮፑ ክፍል የዶክተሯ አዋጅ እስከ ውጭ በር ድረስ ተሰማ፦ «እትዬ፣ አሉ! ስድስት ስድስት ሆነው አሉ! ኑና እዩልኝ!»

ማታም ባለቤታቸው የዋሉበትን ቢጠይቁ፣ እትዬ ጠብታ ጫማቸውን እያወለቁ «ምን ሥራ አለ፣ ውሃ ስቀይር ዋልኩ» ብለው አወጁ።

ከተማ ያፈረሱ ጀግኖች ብዙ ናቸው፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ ብሎ፣ በጾም ውሎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሶ ያቆመ ግን ከወዴት ይገኛል? ክብር ለእጃቸው፣ ዕረፍት ለእግራቸው፣ ዕድሜም ለምላሳቸው ይሁን፤ እውነትን ጮክ ብሎ መናገር ችሏልና።