የክቡር አቶ በርናባስ ነጻ ስቱዲዮ

በየሰፈሩ ነጻ ነገር የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም። ነጻ ነገር የማይወድ ማን አለ ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ሁላችንም እንወዳለን። ልዩነቱ እኛ የምንወደው ሲመጣልን መሆኑ ነው። ይህ ሰው ግን ነጻ ነገር ለማግኘት የማይከፍለው የለም። ጊዜውን ይከፍላል፣ የጫማውን ሶል ይከፍላል፣ የጎረቤቱን ወዳጅነት ይከፍላል፣ የሚስቱን ትዕግሥት ከነወለዱ ይከፍላል። ብር ብቻ አይከፍልም።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ይህን ማዕረግ ይዘው የሚኖሩት ክቡር አቶ በርናባስ ናቸው። ባለቤታቸው አባይነሽ ጠባያቸውን ያወቀችው ገና ሳይጋቡ ነው። ዓሣ ልጋብዝሽ ብለው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰዷት። የዓሣ ሾርባ የሚሸጡት ሴቶች «እስቲ ቅመሱልኝ» እያሉ ጭልፋ ሲዘረጉ፣ እርሳቸው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተሸጋገሩ «ጨው አንሶት ይሆን? እስቲ ድገሚልኝ» ይሉ ጀመር። የመጨረሻዋ ድስት ጋ ሲደርሱ አፋቸውን ጠርገው «እኔስ ጠገብኩ፤ አንቺስ አባይዬ?» አሏት። አባይነሽ በሳቅ ፈረሰች። የሳቀች ዕለት ተሸነፈች።

የቤታቸው ግድግዳ ከየባንኩ በተሰጡ ካላንደሮች ስለተሸፈነ ቀለም አላስፈለገውም። እስክሪብቶው ሁሉ የስብሰባ ነው። ክቡርነታቸው የሚተኙት የወባ መከላከል ዘመቻ ቲሸርት ለብሰው ነው፤ አጎበሩም የዚያው ዘመቻ ነው። አንድ ነገር ልግዛ ባለ ሰው ፊት ቅንድባቸውን ሰቅለው «ነጻ እያለ?» ይላሉ። አባይነሽ ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ እንኳ ይህ ቃል ከኋላዋ ይደርሳታል። ነጻ ሽንኩርት የት እንዳለ ግን ነግረዋት አያውቁም።

በአንድ ነገር አይቀለድባቸውም። ከንብረት ክፍል ኃላፊነታቸው በጡረታ ሲገለሉ ኮምፒውተር ማብራት አያውቁም ነበር። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል በረንዳ ላይ፣ በነጻው ዋይፋይ፣ መነጽራቸውን ሰክተው ቪዲዮ እያዩ ራሳቸውን አስተማሩ። ሰው በዚያ ዕድሜ እንደ ልጅ ከሀ ጀምሮ ሲማር ማየት ያስከብራል። «ምን ልታዘዝ?» ሲላቸው «ውሃ፤ የቧንቧ» የሚባለው አስተናጋጅ ግን አላከበራቸውም።

ያ እውቀት የሚፈተንበት ቀን መጣ። አባይነሽ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መካከል ስሟ የሚነሳ ናት፤ ራሷ የደረሰችው መዝሙርም አላት። ያንን መዝሙር ማንም ቀድቶት አያውቅም። አንገቷ ላይ የቆየው እንቅርት እያደገ ሲመጣ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት አላት።

«ከድምጽዎ ነርቭ ጋር ተጠግቷል» አለ ሐኪሙ። «በጣም እንጠነቀቃለን። ግን ድምጽዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።»

ከሐኪም ቤት ተመልሰው በራቸው ላይ ሲደርሱ አቶ በርናባስ «መዝሙርሽን እኔ እቀዳዋለሁ። እዚሁ ቤታችን» አሉ።

የአባይነሽ ልብ ተነካ። ወዲያው ግን «በምን?» የሚል ጥያቄ መጣባት።

መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰኢድ ጋ አብረው ሄዱ። ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ሩሀማም ሥራዋን ጨርሳ መጣች። ሰኢድ ለጀማሪ የሚሆኑትን የሙዚቃ ፕሮግራሞች እንደ ጨርቅ ነጋዴ አንድ በአንድ ዘረጋላቸው።

«ይሄኛው ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ጋሼ። ድምጽ ይቀዳል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ለእትዬ መዝሙር ይበቃል።»

«ከበሮ አለው?»

«ከበሮ የለውም።»

«ኦርጋንስ?»

«ኦርጋንም የለውም።»

«ታዲያ ነጻ የሆነው ምኑ ነው?» አሉ አቶ በርናባስ ቅር ብሏቸው።

«ይሄ ደግሞ ሁሉም አለው፣ ነጻም ነው። ግን የሚሠራው በራሱ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ማሽኑ ውድ ነው።»

«በሬውን ለገዛ ሰው ቀንበሩ በነጻ በለኛ!»

ሩሀማ ጣልቃ ገባች። «አባ፣ ይሄ ሦስተኛው ርካሽ ነው። ለጀማሪ የተሠራ ነው፤ ሁሉም አለው። እኔ ልግዛልህ።»

«ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ዋጋው ትንሽ ነው ማለት ነዋ።»

«ስለዚህ ዋጋ አለው ማለት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ሰኢድ አዞሩ። «ቀጥል፣ ልጄ።»

ሰኢድ ወደ አራተኛው ባይሄድ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። አራተኛው ትልቅ ፕሮግራም ነው፤ የሚሞከርበት ነጻ ቅጂም አለው። የጊዜ ገደብ የለውም። ከበሮው፣ ኦርጋኑ፣ ሁሉም ይሠራል። ያለቀውን መዝሙር አውጥቶ ስልክ ላይ መጫንም ይቻላል።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ሰኢድ። «ያልጨረሱትን ሥራ አስቀምጠው ከዘጉት መልሰው መክፈት አይችሉም። ለመክፈት መግዛት አለብዎት።»

«ካልዘጋሁትስ?»

«እ?»

«በሩን ካልዘጋሁ ቁልፍ ምን ያደርግልኛል?»

ሩሀማ እናቷን አየቻት። አባይነሽ ጣራውን አየች። አቶ በርናባስ ምርጫቸውን አደረጉ።

የመቅጃው ቀን መኝታ ቤቱ ስቱዲዮ ሆነ። ፍራሹ መስኮቱ ላይ ቆመ፣ ብርድ ልብሶቹ ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ በሽማግሌ ድርድር ለግማሽ ቀን ወደ ሌላ ሰፈር ተላከ። አባይነሽ ከቤተ ክርስቲያን በውሰት በመጣው ማይክራፎን ፊት ቆማ ዓይኗን ጨፍና ዘመረች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ አንገቷ ያማት ነበር፤ ግን ወጣችው። ስትጨርስ ዞር አለች። አቶ በርናባስ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ እንደደፉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልድገመው?»

«አንዴ ይበቃል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑ አልተዘጋም። ሩሀማ የተወችላቸው አሮጌ ነው፤ ክዳኑ ከተገጠመ ያንቀላፋል፣ ሲነቃ ደግሞ ሁሉን ረስቶ ነው የሚነቃው። ሥራውን ማስቀመጥንም ክቡርነታቸው ከንቱ አሉት፤ ዕድሜ ልኩን ንብረት ክፍል የሠራ ሰው በማይከፈት ካዝና ውስጥ ዕቃ አያስገባም። ስለዚህ ላፕቶፑ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ አፉን እንደከፈተ፣ ነጠላ ለብሶ ይውላል፤ ያድራል። አጠገቡ አይወለወልም። ድመቷ ከሳሎን ተባረረች። እንግዳ ሲመጣ «እዚያ ጋ ቀስ በሉ» ይባላል፤ አንዲት አሮጊት የታመመ ሕፃን የተኛ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይማረው» ብለው ሄዱ። መብራት ለአፍታ ሲጠፋ አቶ በርናባስ ባትሪውን እያዩ ይንጎራደዳሉ። ባትሪው አጭር ጸሎት ይችላል፤ ረጅም ጸሎት አይችልም።

«አልቋል?» ትላለች አባይነሽ።

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ምኑ?»

«ከበሮው» ይላሉ አንድ ቀን። «ኦርጋኑ» ይላሉ በማግስቱ። ማዳመጫቸውን ደፍተው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ አንዷን ቦታ ደጋግመው ይሰማሉ። አባይነሽም ባሏ ከእሷ ድምጽ ይልቅ ለነጻ ፕሮግራሙ የሚጨነቅ እየመሰላት ልቧ ይሻክር ጀመር። እንቅርቱ በበኩሉ አላረፈም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ብቻዋን ሆና ያንን ከፍ ያለ ቦታ ሞከረችው። አልወጣላትም። ከእንግዲህ መዝሙሩ ያለው እዚያ ነጠላ ሥር ብቻ እንደሆነ ገባት።

ሆስፒታል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከምሳ በኋላ፣ መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። «ትራንስፎርመር ነው፤ ዛሬ አይመጣም» ተባለ። ሰኢድ ሱቅ ጄኔሬተር አለ። አቶ በርናባስ ላፕቶፑን እንደተከፈተ አቀፉት።

«ባጃጅ ጥሪ፣ አባይዬ! ጃንጥላም ያዢ፣ ያካፋል።»

እንዲህ ሆነው ሄዱ። አቶ በርናባስ የተከፈተ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ፣ አባይነሽ የኢንሹራንስ ስም የታተመበትን ጃንጥላ ላፕቶፑ ላይ ዘርግታ፣ ራሷ በካፊያው ረጥባ።

«ጋሼ፣ ፊልም ነው የሚያዩት?» አለ ባለባጃጁ በመስታወቱ እያያቸው።

«ንዳ! ጉድጓዱን እየሸሸህ ንዳ።»

ልጁ ጨዋ ነበር፤ ጥፋቱም ይኸው ጨዋነቱ ነው። ሰኢድ ሱቅ በር ላይ ሲቆሙ፣ አቶ በርናባስ ጉልበታቸው ተያይዞ መውረድ ሲያቅታቸው አየ። ዘልሎ ወረደ፣ «ልያዝልዎት» ብሎ ላፕቶፑን ተቀበላቸው፣ ዝናብ እንዳይገባበት ክዳኑን በጥንቃቄ ገጠመው፣ ከዚያም ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጠው ወገቡን ሰበር አድርጎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ክቡርነታቸው ሊቆጡ ነበር። በሁለት እጅ የቀረበን ነገር እንዴት ይቆጡታል?

ሰኢድ አበራው፣ ጠበቀ፣ ፕሮግራሙን ከፈተ። ባዶ። ወዲህ ፈለገ፣ ወዲያ ፈለገ። «ምንም አላስቀመጡም እንዴ፣ ጋሼ?» አለ በመጨረሻ ቀስ ብሎ።

አባይነሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ለነጻ ብለህ» አለች። «ለነጻ ብለህ ድምጼን ጣልከው፣ በርናባስ። ነገ እኮ ነው። ከእንግዲህ ከየት አመጣዋለሁ?»

«ድምጽሽማ አለ» አሉ አቶ በርናባስ።

«የት?»

ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ። «በቀዳንበት ዕለት አውጥቼዋለሁ። ማውጣት ነጻ ነው።»

አባይነሽ ስልኩን አየች፣ ባሏን አየች። «ድምጼ እዚህ ካለ፣ ይሄን ማሽን እንደ አራስ ልጅ ስንጠብቅ የከረምነው ለምንድን ነው?»

ሰኢድ ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኘው። የአባይነሽ ድምጽ ሱቁን ሞላው፤ ያ ከፍ ያለው ቦታም አለ፣ ንጹሕ ሆኖ። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር። ዳገት የያዘው ባጃጅ የመሰለ ጎርናና ድምጽ፣ ዜማውን ስቶ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየቀረ፣ ግን ሳይለያት እስከ መጨረሻው ይከተላታል።

«ሳላውቀው ነው አብሬሽ የዘመርኩት» አሉ አቶ በርናባስ፣ ወለሉን እያዩ። «ማዳመጫ ደፍቼ ስለነበር ራሴን አልሰማሁም። ያንን ነው ሳወጣ የከረምኩት። እዚህ ስቆርጠው እዚያ ይቀራል። ትንሽ ነበር የቀረኝ። እንዲህ አበላሸሁብሽ ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

አባይነሽ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። በርናባስ ወጣት ሳሉ መዘምራን ውስጥ ለመግባት ተፈትነው ነበር። ፈታኞቹ ተያይተው «ወንድማችን በጸሎት ያግዘን» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ሁሉ ሲዘምር እንኳ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ ድምጽ አያወጡም። እሷ ከመድረክ ላይ ሆና ስታያቸው ኖራለች።

እስከዚህ ድረስ «ክቡር» ስንላቸው የነበረው ለቀልድ ነው። ከዚህ በኋላ የምራችንን ነው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት እንዳትናገር አዘዛት። ቤት ስትገባ የመዘምራኑ መሪ ወንድም ሽመልስ ሊጠይቋት መጡ፤ ሰኢድም ብርቱካን ይዞ መጣ። ሩሀማ መዝሙሩን አሰማቻቸው።

«ጌታ ይባረክ! ይህማ ለጉባኤ መቅረብ አለበት» አሉ ወንድም ሽመልስ። ከዚያ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ከሥር የሚሰማው ምንድን ነው? ጄኔሬተር ነው?»

«የሚያወጣው ፕሮግራም አለ» አለ ሰኢድ ቶሎ ብሎ። «አንዱን ድምጽ ከሌላው ይለያል። ነጻ አይደለም እንጂ…»

«እገዛዋለሁ» አሉ አቶ በርናባስ።

ሩሀማ የጨበጠችውን ብርቱካን ጣለች። አባቷ ግን ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዋል። ዋጋውን እንኳ አልጠየቁም። በሕይወታቸው በፈቃዳቸው ሊገዙት የተነሱት የመጀመሪያው ዕቃ፣ እርሳቸውን ከሚስታቸው መዝሙር ጠርጎ የሚያወጣ ዕቃ ነበር።

አባይነሽ እጇን አነሳች። እያዩዋት ነው ብላ እንዳይገዙ ራሷን ነቀነቀች፤ አላዩዋትም። የኪሳቸው ቁልፍ እንቢ ብሏቸው ይታገላሉ። ከአልጋው ወርዳ እንዳትይዛቸው ገና አቅም የላትም። ስለዚህ ሐኪሙ የከለከላትን አደረገች። የወጣው ድምጽ ሻካራ ነበር፤ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«እዚያው ይቆይ» አለች።

አቶ በርናባስ እጃቸው የኪሳቸው ቁልፍ ላይ እንዳለ ቆሙ። ወንድም ሽመልስ አንዴ ባልየውን፣ አንዴ ሚስትየዋን ተመለከቱ፤ የማን ድምጽ እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ፣ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉና «እስቲ ከመጀመሪያው አድርጊልን፣ ሩሀማ» አሉ።