ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?

ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ሥራውን ለእናቱ ማስረዳት የሚችል ወይም የማይችል። ዳቦ ጋጋሪው «ዳቦ እጋግራለሁ» ይላል፣ ነገሩ አለቀ። ሾፌሩም፣ ዳኛውም፣ ሌባው እንኳ ለእናቱ ባይናገረውም ሥራው በአንድ ቃል ይነገራል። እኔ ግን የኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ባለሙያ ነኝ። እስቲ ይህን አዳማ ላለች እናቴ አስረዱልኝ! በየሳምንቱ ደውላ «ለመሆኑ እዚያ ጭሮ ምንድን ነው የምትሠራው?» ትለኛለች። እኔም ስንት ወር አምጬ ያገኘሁትን አጭር መልስ እሰጣታለሁ፦ «ሳጥን እሥላለሁ፤ ከዚያ ሳጥኖቹን በቀስት አገናኛለሁ።» እርሷም «አይዞህ ልጄ፣ የተሻለ ሥራ ይመጣል» ትለኛለች።

ለእናንተ ዘርዘር ላድርገው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ወረቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ኮምፒውተር ምን እንደሚያውቅ ራሱም በቅጡ አያውቀውም። እኔ ሁሉንም ጠይቄ በአንድ ሥዕል ላይ አሰፍረዋለሁ። ጭሮ ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ለዚሁ ጉዳይ ለአንድ ዓመት ቀጠረኝ። ቅርንጫፎቹ በደሳ፣ መሰላና ቦርደዴ ናቸው። ሥዕሌ ተቀባይነት ካገኘ በእርሱ መሠረት አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ይገዛል፣ የእኔም ውል ይራዘማል፤ ካላገኘ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አዳማ። እውነቱን ልንገራችሁና ከውሉ ይልቅ የጓጓሁት ለሌላ ነገር ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሥዕሉን አይቶ «ገባኝ» እንዲለኝ።

ጭሮ ሰው አይጠላም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከምሳ በኋላ ቢሮው ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ እየተቧደነ በርጫ ይቀመጣል፣ ማለትም ፍራሽ ላይ ደገፍ ብሎ ጫቱን እየቃመ ይጫወታል። መጀመሪያ ሰሞን እኔንም ጠርተውኝ ነበር። አንዴ ሄድኩና ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ሁለተኛ ሲጠሩኝ ሥራ አለብኝ አልኩ፤ ሦስተኛም እንደዚያው። አራተኛ የጠራኝ የለም፤ ሰው ስንት ጊዜ ይለመናል? ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እየተቀመጥኩ፣ ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ ሥዕል እሥል ጀመር። ቀልዱ የገባኝ በኋላ ነው። የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ስስ ስለሆነ ጎረቤቶቼ በኦሮምኛ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ምን እንዳሉ ሳይገባኝ አብሬያቸው የሳቅኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ብቸኝነት እንዲህም ያደርጋል።

ጭርታውን ሽሽት ወደ መናኸሪያ እወርድ ነበር። በሩ አጠገብ አዴ ሰዓዳ ሻይ ይሸጣሉ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ድምፃቸው ከሚኒባስ ጥሩምባ የማይተናነስ ሴት ናቸው። ከጀርባቸው ባለው የጣውላ መደርደሪያ ላይ አፋቸው በጨርቅ የታሰረ ትንንሽ ከረጢቶችና ፖስታዎች ይደረደራሉ። የመንገደኛ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። በየመሀሉ ለሆነ ሰው ይደውሉና «ደረሰ?» ይላሉ፤ «ደረሰ» የሚል መልስ እስኪሰሙ ድረስ ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ነው የሚቀዱት። በዚያች ከተማ «ዛሬ ደግሞ ምን ሣልክ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ አሳየኋቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ቀረብ አሉና «ማሻአላህ! ይሄ በደሳ ነው? ይሄ መሰላ? እኔስ የታለሁ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። ኢልማ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። እኔ ምሁሩ ሳቅ አልኩና፣ ይሄ የመሥሪያ ቤቱ ሥዕል ነው እንጂ የመናኸሪያው አይደለም፣ ስለዚህ እርስዎ እዚህ ውስጥ የሉም ብዬ አስተማርኳቸው። «ኤዬ፣ እሺ» ብለው ሻዬን ቀዱልኝ። ያን ቀን ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደል?

የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። ሥዕሉን አራት ሜትር ባነር ላይ አሳትሜ በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ዘረጋሁት። ሰማያዊ ሳጥን፣ ቢጫ ሳጥን፣ ቀስት በቀስት! የሥራ ንብርብር፣ የመረጃ ንብርብር፣ የቴክኖሎጂ ንብርብር እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ «ተመስገን፣ ይሄስ ገባው» አልኩ፤ ለካስ እያንቀላፋ ኖሯል። ጥያቄ ካለ ብዬ ስጋብዝ አንዱ እጁን አወጣና ባነሩ ከስብሰባው በኋላ ለምን እንደሚውል ጠየቀ።

በመጨረሻ ከመሰላ የመጡት የመጋዘን ኃላፊ፣ ኦቦ ኢብራሂም፣ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ነገር የማያቻኩሉ ሰው ናቸው። ባነሩ ድረስ ሄደው ጣታቸውን «መሰላ» የሚለው ሳጥን ላይ አሳረፉና ቀስቱን እየተከተሉ እስከ ጭሮ መጡ። «ይሄ መስመር የኛ የቡና ናሙና ነው?» አሉ። ነው አልኳቸው። «ማነው የሚያመጣው?» አሉ። ደረቴን ነፍቼ «ሲስተሙ» አልኩ። ጣታቸውን ከቀስቱ ላይ ሳያነሡ «ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እርሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም። የማን ልጅ እንደሆነ ለማይታወቅ ሰው የገበሬ ቡና እንዴት በአደራ ይሰጣል? ከዚያ አስረዱኝ። ናሙናው ከመሰላም ይነሣ ከበደሳ በሚኒባስ ሾፌር እጅ መጥቶ አዴ ሰዓዳ ዘንድ ይቀመጣል። የቦርደዴ የማሽላ ናሙና እንኳ እዚያው ነው የሚያርፈው። አዴ ሰዓዳ የጨርቁን ቋጠሮ አይተው የየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ለሚቀምሰው ባለሙያ ይደውላሉ፣ የዋናው ቢሮ ደብዳቤም የሚመለሰው በዚያው መንገድ ነው። «ወላሂ፣ እሷ የታመመች ለታ እኛ መሰላ ቁጭ ነው» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

እኔ በቃለ መጠይቄ ሁሉ «መረጃው እንዴት ይሄዳል?» ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም «ይላካል» ብለውኛል። በማን? ብዬ አልጠየቅኩም። እነርሱስ አገር የሚያውቀውን ለምን ይነግሩኛል? ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ የነገረኝም የለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው፤ በየቀኑ ሻይ እየጠጣሁ የማየውን መደርደሪያ ትቼ ሰማይ ላይ ንብርብር ስደረድር ኖርኩ። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ አብዲ ጨዋ ሰው ናቸውና «አስተካክለህ አምጣው» ብለው አለፉት።

አንገቴን ደፍቼ መናኸሪያ ወረድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ይቅርታ ጠይቄ አሠራራቸውን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። እርሳቸው ግን መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ አሉ፤ «አንተስ ሥዕሉ ውስጥ የታለህ?» እኔማ የለሁም፣ የሚሥለው ሰው ሥዕሉ ውስጥ አይገባም አልኳቸው። «ታዲያ አንተም እንደኔ የለህማ!» አሉና ሻይ ቀዱልኝ። አሥር ወር ሙሉ ጭሮ ስኖር «እንደኔ» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሕጋቸው ሁለት ብቻ ነው። ያለ ተቀባይ ስልክ ዕቃ አይቀበሉም፤ ተቀባዩ «ደረሰ» ካላለ ዕቃው አልሄደም ማለት ነው። ባለሙያዎች ድፍን መጽሐፍ የሚጽፉበት ጉዳይ እኮ ነው! ሥዕሉን እንደገና ሣልኩት። መሀል ላይ አዴ ሰዓዳን አደረግኩ፤ ቀስቶቹ ሁሉ ተሰብስበው እርሳቸው ዘንድ መጡ። ግማሹ ንብርብር ሳያስፈልግ ቀረ።

ሁለተኛው ማቅረቢያ ሩብ ሰዓትም አልፈጀም። ገና ስዘረጋው ከየአቅጣጫው «ገባን! ገባን!» ተባለ፤ ኦቦ ኢብራሂም «ጋሪ ነው፣ ጥሩ ነው፤ አሁን ሰው አለበት» አሉ። አሥራ አንድ ወር የጠበቅኳትን ቃል ከአዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማሁ። ኦቦ አብዲም በደስታ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ደመደሙ፦ «ለካስ ሲስተም አለን! ታዲያ ሌላ መግዛት ምን ያደርጋል?» ሲስተም ካልተገዛ ባለሙያው ምን ያደርጋል የሚለውን ለእኔ ግምት ተዉት። ለአዴ ሰዓዳ ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ይሠራላቸው፣ የእኔም ውል በጊዜው ይጠናቀቅ ተብሎ ተወሰነ። በሙያዬ ይህን ያህል የገባ ሥዕል ሥዬ አላውቅም፤ ሠሪውን እስከ ማሰናበት ድረስ ገባቸው። የመጀመሪያው ባነር ለምን እንደሚውልም ታወቀ። አዴ ሰዓዳ ለምነው ወስደው የሻይ ቤታቸው ጥላ አደረጉት፤ ንብርብሮቼ ሥራ የጀመሩት ያኔ ነው።

የምሄድ ቀን በዚያው ባነር ጥላ ሥር ተቀምጬ የመጨረሻ ሻዬን ጠጣሁ። አዴ ሰዓዳ ከሽርጣቸው ጨርቅ ቀድደው በሻንጣዬ እጀታ ላይ ቋጠሩት። ቋጠሮዋ የመሰላም የበደሳም አልነበረችም። የማን ናት? ብላቸው «ያንተ» አሉኝ። ከዚያ የተቀባይ ስልክ ጠየቁኝ፤ የእናቴን ሰጠኋቸው። የአዳማውን ሾፌር ጀማልን ጠርተው ወደ እኔ እየጠቆሙ «ይሄ አደራ ነው» አሉት። ቦርደዴ ላይ የጀማል ስልክ ጮኸ፤ «አለ አለ፣ ተኝቷል» ሲል ሰማሁት። አልተኛሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እንባዬን እየታገልኩ ነበር።

አዳማ ገብቼ ሻንጣዬን ሳሎን ውስጥ ሳስቀምጥ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ከማዶ «ደረሰ?» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። እናቴ ግራ ገብቷት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አዎ ደርሷል፤ ትንሽ ከስቷል እንጂ» አለች። ስልኩ ሲዘጋ ማን ናት? ብላ ጠየቀችኝ።

«ሲስተሙ ናቸው» አልኳት።

«ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

ዓመት ያህል ሻያቸውን ጠጥቻለሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ በጥያቄ አሰልችቻለሁ፣ ይህችን ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። የእናቴን ስልክ ተቀበልኩና፣ የጥናቴን የመጀመሪያ ጥያቄ ልጠይቅ ጭሮ ደወልኩ።