ገበያን ከግድግዳ የሚያነብ ሰው

አንባቢ ሆይ፣ የበርበሬን ዋጋ ከግድግዳ ላይ የሚያነብ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን በጃንሆይ ጊዜ ቡሬ ላይ ገጥሞኛል። በርበሬ ነጋዴው አያ ደሴ ከገበያ በተመለሱ ቁጥር የዕለቱን ዋጋ ግድግዳቸው ላይ በከሰል ነጥብ አድርገው ከቀድሞው ነጥብ ጋር በመስመር ያያይዙታል። መስመሩ የበሬ ሻኛ ከመሰለ፣ «ከሻኛ ማዶ ቁልቁለት ነው» ብለው አይገዙም። ሻኛው ሁለት ከሆነማ ገበያም አይወጡ!

አንድ ዓመት በቅሏቸውን ሸጠው የመግዣውን ሰዓት ከግድግዳው ሲጠባበቁ ፋሲካ ደረሰ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽም እንደ ደንቡ ግድግዳውን በእበት ለቀለቁት።

«አንች ሴት፣ ገበያውን እኮ ቀበርሽው!»

«ታዲያ ቤቱ ለበዓል በከሰል ተሞነጫጭሮ ይዋል?»

አያ ደሴ ሊያለቅሱ ሲሉ የሚስታቸው ጣቶች እበቱ ላይ የተዉትን ፈለግ አዩ። ሁሉም ሽቅብ ይወጣል! ሮጠው በበቅሎዋ ዋጋ በርበሬ ገዙ። ከበዓሉ በኋላ በርበሬ እሳት ሆነ፤ አያ ደሴም ሁለት በቅሎ እየሳቡ በቡሬ መሐል አለፉ።

እኔ መቼም የተማርሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጉድ አላምንም። ብቻ በማግስቱ፣ «የእኔንም ግድግዳ ይለቅልቁልኝ» ልል እበት በቅርጫት ይዤ እትዬ ጥሩነሽ ደጅ ብደርስ፣ የቡሬ ነጋዴ ሁሉ እበቱን ታቅፎ ተሰልፏል።